ከፋርማሲው ጀርባ ያለው ፋይል

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይሰማ የማይውል ጩኸት አለ፦ «ፋይሌ ጠፋ!» ወዲያው ጥፋተኛ ይፈለጋል። አንደኛው ተጠርጣሪ ቫይረስ ነው፤ ሁለተኛው መብራት፤ ሦስተኛው ትናንት «አንዴ ኢሜይል ልይበት» ብሎ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ባልደረባ። ባለቤቱ ራሱ የት ሴቭ እንዳደረገው ሲጠየቅ ግን መልሱ አጭር ነው፦ «ኮምፒውተሩ ላይ ነዋ!»

ማሽኑ ግን ሳይጠይቅ አላለፈም። የት ላስቀምጠው፣ ምን ብዬ ልሰይመው ብሎ ነበር። እኛ ነን ሳናነብ «እሺ» ብለን ያሰናበትነው።

የፋይል ፓዝ የሚባለው ነገር እንደ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ያለ አድራሻ ነው፤ ከትልቁ ተነሥቶ ወደ ትንሹ ይወርዳል። «ሲ፡\ዩዘርስ\እከሌ\ዴስክቶፕ\ሲቪ» ቢል፣ ሲ በተባለው ዲስክ፣ ዩዘርስ ውስጥ፣ በእከሌ ፎልደር፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ሲቪ ማለት ነው። ችግሩ እኛ በአድራሻ መኖር አልለመደብንም። ቤታችንን ስንጠየቅ «ከፋርማሲው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» እንላለን፤ ፋይላችንንም የምናውቀው «በግራ በኩል፣ ከሠርጉ ፎቶ ሥር» ብለን ነው። አንድ ቀን ቅን ልጅ መጥቶ «ላስተካክልልዎ» ብሎ በፊደል ተራ ሲደረድረው፣ ሰፈሩ ለልማት የተነሣ ያህል ሁሉም ይጠፋብናል።

ዴስክቶፕንማ ከኮምፒውተሩ ሁሉ በላይ ያለ ሰገነት አድርገነዋል። አድራሻውን መልሳችሁ እዩት፤ ሲ ውስጥ ሦስት ደረጃ ወርዶ የተቀመጠ ተራ ፎልደር ነው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ «ፎርማት ይደረግ» ሲባል የሚጠረገው ደግሞ ይኸው ሲ ነው። የክርስትናው ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የዓመቱ ሪፖርት አብረው ይሄዳሉ፤ ጎረቤቱ ዲ ድራይቭ ባዶውን ተንፈላሶ ይኖራል።

ሲ የፊደል ተራውን ሳይጠብቅ የመጣ አይደለም፤ ኤ እና ቢ ለፍሎፒ ዲስክ ተይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዊንዶውስ ቀዳሚ፣ የመጀመሪያው ዶስ፣ ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ፋይል ሁሉ አንድ ላይ ይከመራል። ፎልደርን በፎልደር ውስጥ ያመጣው የ1983ቱ ሁለተኛ ዕትም ነው። ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ፤ ብዙው ዴስክቶፕ ግን አሁንም ከ1981 አልወጣም።

ፎልደር የሚከፍቱትም አሉ፤ ስም ማውጣት ግን ይከብዳቸዋል። «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2»፣ «ኒው ፎልደር 3»። ውስጣቸው ሲገባ «ፋይናል»፣ «ፋይናል የታረመ»፣ «ይኼኛው ነው ፋይናል»። አለቃ የፈረሙበት የትኛው እንደሆነ አለቃም አያውቁም። ፎልደርን በፎልደር ሲከት የሚውለውን ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ይታዘበዋል፤ በተለመደው አሠራሩ ሙሉው አድራሻ ከ260 ፊደልና ምልክት ካለፈ «ረዘመብኝ» ብሎ አልገለብጥም ይላል።

በምረቃ ሰሞን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ካሉት ፕሪንት ቤቶች አንዱ ጋ ቁሙ። ተመራቂው ፍላሹን ሰክቶ «ሦስት ኮፒ፣ በጥራዝ» ይላል። ልጅቷ ከፍታ ታያለች፤ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት ምልክት ብቻ አለች። ሾርትከት ናት። ሾርትከት ደግሞ የፋይሉን አድራሻ ብቻ ትይዛለች እንጂ ፋይሉን አትይዝም። ላም አለኝ በሰማይ! የመቶ ገጹ ጥናት ዶርም ላፕቶፑ ውስጥ ተኝቷል፤ ተመራቂው ጥቂት ኪሎባይት አድራሻ ይዞ መጥቶ «ፍላሻችሁ ቫይረስ አለው» ብሎ ይጣላል። ፍላሹ የራሱ መሆኑን ማንም አያስታውሰውም።

እንዲህ «ቫይረስ ነው» ሲባል የሚጠራው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ፎርማት ሳያደርግ በፊት ሁሉንም እንደሚገለብጥ ምሎ ይገለብጣል፤ እጁ ይባረክ! በማግሥቱ የኮምፒውተሩ ባለቤት «የት አደረግህልኝ?» ስትለው፣ ኩራት ባልተለየው ድምፅ «ባክአፕ ውስጥ» ይላል። ይከፈታል፦ «ባክአፕ»፣ «ባክአፕ 2»፣ «ባክአፕ አዲሱ»፣ «ኒው ፎልደር»።

«ምንም አይጨነቁ» ይላታል መነጽሩን እያስተካከለ፣ «ከነዚህ በአንዱ ውስጥ አለ።»