ዳታዬን ተው፣ ዳጣዬን ልብላ

ሶዶ ሥጋ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ዳጣው ቀርቧል፣ ቁርጡ ገና ነው። ስልኬ ጮኸ፤ «የጂሜይል ድጋፍ ቡድን» ነኝ ባይ ደብዳቤ ልኮልኛል።

«ውድ ተጠቃሚ፣»

ሥጋ ቆራጩ እንኳ «ጋሼ፣ ከሽንጡ ነው እንደ ልማድዎ?» ይለኛል። አንተ ስንት ዓመት ደብዳቤዬን ስታመላልስ ኖረህ ስሜ ጠፋህ?

«ሳጥንዎ ሞልቷል፤ በ24 ሰዓት ካላረጋገጡ ዳታዎ ይጠፋል።»

ዳጣዬ ከሆነ ሳህኔ ላይ ነው፣ የትም አይሄድ። ዳታዬን ካልክ ደግሞ፣ ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሞልቶ ቢፈስ እንኳ ወደ መሰረዝ የሚሄደው 2 ዓመት ታግሦ ነው። አንተ ለነገ ታስቸኩለኛለህ። አራጣ አበዳሪ እንኳ ሳምንት ይሰጣል!

«ይህን ይጫኑ።»

ቀስ! መጀመሪያ የላኪውን ስም ነካ ሳደርገው ከሥሩ ጎግልን ጨርሶ የማያውቅ አድራሻ ብቅ አለ። ሊንኩን ደግሞ ሳልከፍት ጣቴን አሳርፌ ያዝኩት። «ጎግል ዶት ኮም» ብሎ ይጀምራል፤ ደስ ሲል! ወደ ቀኝ ስገፋ ግን «ዶት ሳጥን ማደሻ ዶት ምናምን» ይላል። የእኔ ጌታ፣ እኛ አገር የራስ ስም ይቀድማል፣ የአባት ስም ይከተላል። የድረ ገጽም እንዲሁ ነው፤ መነሻው ላይ ያሉትን ጥንድ እዝባሮች (//) ተዋቸውና፣ ከሚቀጥለው እዝባር በፊት መጨረሻ ላይ የተጻፈው ነው ባለቤቱ። ልጁ ጎግል፣ አባቱ ሌባ!

«ለደህንነትዎ የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ።»

ቁልፍህን ስጠኝና በርህ መቆለፉን ልይልህ በለኛ!

አጠገቤ ያለው ወዳጄ «በዚህ የሚታለለው የገጠር ሰው ነው» አለ። የቱ ገጠር? በመጋቢት 2008 የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀመንበር ጆን ፖዴስታ ከጎግል የመጣ የሚመስል «የይለፍ ቃልህ ተነቅቶበታል» ባይ ደብዳቤ ደረሰው። የዘመቻው የኮምፒውተር ባለሙያ ተጠየቀና «ትክክለኛ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ሊንኩም ተጫነ፤ በኋላ «አይደለም ልል ፈልጌ ነው» አለ። ከመስከረም 2009 መጨረሻ ጀምሮ ደብዳቤዎቹ በዊኪሊክስ አደባባይ ተሰጡ። ከዋሽንግተን እዚሁ ጎረቤታችን ያለው ገጠር፣ ሁምቦ፣ ሳይሻል አይቀርም!

አንባቢዬ፣ ቀድመህ የይለፍ ቃልህን አስገብተህላቸው ከሆነ አትፈር። ሊንኩን ተወውና አድራሻውን ራስህ ጽፈህ ግባ፤ ቃሉን ለውጥ፣ የማታውቀው ስልክ ወይም መሣሪያ ገብቶ ካገኘህ አስወጣ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብራ። ዛሬውኑ፣ ቁርጡ ሳይመጣ።