የማወራው ስለ ዓሣ ነው

ከሁሉ አስቀድሞ ይታወቅልኝ፤ የማወራው ስለ ዓሣ ነው። ስለ ሰው ማውራት በዚህ ዘመን ብዙ ያስከፍላል። የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ግን ስሜ ተነሣ ብሎ አይከስም፤ ተሰብስቦ ሪፖርት እያደረገም የሰው ገጽ አያዘጋም።

ሐይቁን ለማያውቅ እንግዳ ጥቂት ልበል። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 22 ሜትር ያህል ይወርዳል። በጋ ከክረምት የማይነጥፍ አንድ ገባር አለው፤ ጥቁር ውሃ ይባላል። ስሙ የወጣለት ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት ስለሆነ ማንም በስም ማጥፋት አይጠየቅበትም። የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። ደለሉም፣ የእርሻው ማዳበሪያም፣ ጎርፍ ከከተማው ጠራርጎ ያመጣውም ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። የጥናት ሰዎችን የሚያስገርማቸው ግን ሌላ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ በዘመን ብዛት ጨው መሆን ነበረበት፤ የሐዋሳው ግን ጨዋ እንደሆነ አለ። ስለዚህ ከመሬት በታች፣ ማንም በማያየው በኩል፣ የሚሾልክበት መንገድ ሳይኖረው አይቀርም ይላሉ። በላይ በኩል ምንም ሲወጣ አይታይም፤ በታች በኩል ግን ይሄዳል። አሁንም የማወራው ስለ ውሃ ነው።

ድሮ በወንዙ ላይ ጨለለቃ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ነበር። ከላይ የመጣውን ጭቃ እየተቀበለ፣ ያስቀረውን አስቀርቶ የጠራውን ወደ ታች ይሰድ ነበር። ተራሮቹ ሲራቆቱ ደለል ሞላውና ረግረግ ሆነ፤ ከረግረጉም የቀረው እርሻና ግጦሽ እየሆነ ነው። ማጣሪያ ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ የላይኛው ጭቃ ሲበዛበት መጨረሻው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዓሣዎቹ። ቆሮሶ ምስኪን ነው፤ ዋቅላሚ ለቅሞ ያድራል። በሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ሾርባው እሱ፣ ጥብሱ እሱ፣ በሚጥሚጣ የሚቀርበው ጥሬውም እሱ ነው። አምባዛ ጭቃ ወዳድ ነው፤ ውሃው ቢደፈርስና አየር ቢያጥር ብቅ ብሎ ከላይ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ድፍርሱ ብዙም አያስጨንቀውም። ሦስተኛው ቢልጫ ነው። ይኼኛው ልጅ ሳለ በነፍሳት ይጠግባል፤ ሲያድግና ሲፈረጥም ግን ሌሎች ዓሣዎችን መብላት ይጀምራል። በ2006 እ.ኤ.አ. የሐዋሳና የኖርዌይ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት የሜርኩሪ ክምችትን ያሳየው በዚህ ዓሣ ላይ ነበር። ዓሣ በል የሆነው ቢልጫ ሥጋው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ሌላ ምግብ ከሚበላው ዘመዱ እጅግ በልጦ ተገኘ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሜርኩሪ ሥጋ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ትንሹ ጥቂት ይውጣል፤ ትልቁ ትንንሾቹን ይውጣል፤ እነሱ ያጠራቀሙት ሁሉ ወደ እሱ ይዛወራል። ትልቁ ዓሣ ግን ቢጠየቅ እውነቱን ነው የሚናገረው፦ አንዲት ጠብታ መርዝ እሱ ራሱ አላመረተም።

አሳ ግማቱ ከአናቱ ነው ይላል ያገራችን ሰው። ላቦራቶሪው ግን ናሙና የሚወስደው ከጀርባ ጡንቻው ነው። እስካሁን ከአናቱ ይወሰድ ያለ ደፋር አልሰማሁም።

ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ሰውን ስለ ሐይቁ ብክለት ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ላይ ምን ያጨቃጭቀዋል? አንደኛው ወገን ዜሮ ይወዳል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት፣ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ታስቦ የተሠራ ማጣሪያ አለው። እውነት ነው፤ ሲመረቅም የተወራለት በዚሁ ነበር። ዜሮ ወዳዱ ታዲያ ከዚህ ተነሥቶ ሐይቁ ንጹሕ ነው ይላል። የአንድ ግቢ ዜሮ እንዴት የከተማ ሁሉ ዜሮ እንደሚሆን ሒሳቡን አሳየኝ ያለው ሰው "ፀረ ልማት" ተብሎ ይሸኛል። ሌላው ወገን መርዝ ይወዳል። ሐይቁን የጨረሰው ፓርኩ ነው፣ ሼር ሳታደርጉ እንዳታልፉ ይላል። እነ ፕሮፌሰር ዝናቡ ገብረማርያም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ገባሮቻቸው ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ለክተው ያሳተሙት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያኔ ፓርኩ በሐሳብም አልነበረም ብትለው "ስንት ተከፈለህ?" ይልሃል። ሁለቱም ወገኖች ጥናቱን አላነበቡትም። በዚህ በዚህስ ይስማማሉ።

የፍሎራይዱ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። መርዝ ወዳዱ ጥርሱ የበለዘ ሕፃን ፎቶ ይለጥፍና "የፋብሪካ ሥራ" ይላል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከእሳተ ገሞራ አለት የሟሟ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ ልክ ብሎ ያስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ከዚያ የሚያልፈው ጉድጓድ ብዙ ነው። ተከሳሹ እንግዲህ ተራራው ነው። ዜሮ ወዳዱ ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት "አያችሁ፣ ተፈጥሮ ነው!" ይላል፤ የተፈጥሮ የሆነ ነገር ጥርስ የማይበላ ይመስል። ሕፃኑም በሁለቱ መካከል እንደበለዘ ይቀራል።

ሐይቁን ሲዳማና ኦሮሚያ ይጋሩታል፤ ስለዚህ ቆሻሻው ምንጊዜም የመጣው ከማዶ ነው። ከየትኛውም ዳር ብትቆም ከማዶ ነው።

በዚህ መሐል ሁሉም ይለቃል። ፋብሪካ ፍሳሽ ይለቃል፤ ሆቴል የጓሮውን ይለቃል፤ ተከራካሪ ፖስት ይለቃል፤ ቢሮ መግለጫ ይለቃል። እስካሁን ያልተለቀቀ ነገር ቢኖር የላቦራቶሪ ውጤትና ወንበር ነው።

ሕግ የለም የሚል ካለ ይታረም። ሕግማ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር መብት ነው ብሏል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ፣ የማጽጃውንም ይክፈል ብሏል። ቀጥሎ የመጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ቀደም ብለው ለተተከሉ ፋብሪካዎች የ5 ዓመት እፎይታ ሰጠ። ዓሣው ለ5 ዓመት ትንፋሹን ይዞ እንዲቆይ የወጣ መመሪያ ግን አልነበረም። የፌስታሉም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ጉሊት ቲማቲም የምትሸጥ እናት የፌስታሏን ውፍረት በሺኛ እየለካች እንድታስረክብ ማለት ነው። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ምክር ቤቱ መለካቱ ሳያደክመው አልቀረም፤ ፌስታሉን ራሱን የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን አባ ኮዳን ነው። አሞራ ገደል ሄዶ የማያውቀው የለም፤ ራሰ በራ፣ ካፖርቱን ደርቦ ቀጠሮ የሚጠብቅ ባለሥልጣን የሚመስል፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ወፍ። አባ ኮዳ መረብ አይጥልም፤ ጀልባም አይቀዝፍም። ሥራው ዓሣ በሚከፈትበት ቦታ ቆሞ የሚወረወረውን አንጀት መቅለብ ነው። ብዙ ሲዘረገፍ ይወፍራል፤ ጸጥ ሲል ይከሳል። ስለዚህ አንዳንዴ ማንም ምንም ሳይከፍት እሱ ክንፉን ዘርግቶ ግርግር ይጀምራል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል፤ ተመልካች ይሰበሰባል፤ ስልክ ይወጣል፤ ይቀረጻል። ስንት ሰው እንዳየው የሚቆጠረው በኋላ ነው። የማወራው ስለ ወፍ ነው፤ ዩቲዩብ የሚባል ቃል ከአፌ አልወጣም።

አቤቱታ በቀረበ ቁጥር የሚሰጠው መልስ እንዳለ ነው፦ ጉዳዩ እየተጣራ ነው። ለዚህ መልስ ሁለት ስንኝ ቋጥሬያለሁ፤ ወርቁን መፈለግ የአንባቢ ፈንታ ነው።

ጉዳዩ ሲጣራ፣ ውሃውም ሳይጣራ፣
ዓሣው አለቀብን ሰው እየተጣራ።

አንድ ጊዜ ብቻ ሐይቁ ራሱ አቤት ብሎ ተሰምቷል። በ1990ዎቹ መግቢያ ሞልቶ ወደ ከተማው ሲገፋ፣ በዳርቻው የጎርፍ መከላከያ ተሠራ። ዛሬ ሰው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው መዝናኛ በኩል በዚያው ዳርቻ እየተንሸራሸረ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ወዲህ ግን ሐይቁ የሚናገረው በሚሊ ግራም ስለሆነ አይሰማም።

የሚያስፈልገው ደግሞ ተራራ መግፋት አይደለም። ከጥቁር ውሃ ድልድይ በላይና በታች ውሃው በየወሩ ይለካ፤ ቁጥሩ ከቀኑና ከለካው ሰው ስም ጋር ድልድዩ ላይ ይለጠፍ። ዜሮ ወዳዱም መርዝ ወዳዱም ቆመው ያንብቡት፤ አባ ኮዳም ከፈለገ ይቅረጸው።

አንተም አንባቢ፣ በሚቀጥለው ጊዜ "ሐይቁ ሞቷል" ወይም "ሐይቁ ንጹሕ ነው" የሚል ነገር ሲደርስህ ከማስተላለፍህ በፊት ናሙናው መቼ፣ ከየት፣ በማን እንደተወሰደ ጠይቅ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሐዋሳ ስትሄድ ቆሮሶህን ብላ። ትልቁን ቢልጫ ግን ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አታቅርብ።