ደመወዝተኛ ጅብ አይሆንም

በካዛንቺስ ፎቆች አዲስ የጥበብ ሰው ተወልዷል። ቀን ከኮምፒውተር ጋር ይውላል፤ ማታ የናስ ቁራጭ አጥብቆ በመቅረጫ ይፈለፍላል። መምህር የለውም፤ ዩቲዩብ አለው። መቅረጫውን በመዳፍ ይዞ ወደፊት መግፋት፣ ክብ መስመር ላይ እጅን ሳይሆን ናሱን ማዞር፣ ጫፉ በደነዘዘ ቁጥር መሳል፤ ሁሉንም ለብቻው ደረሰበት። (ማርትሬዛ ብር አቅልጠው መስቀል ሲሠሩ የኖሩት አንጥረኞች ከአባት ስለተማሩ አይቆጠሩም።)

ወዳጆቹ «አርቲስት» አሉት። ትክክል ናቸው። ይኸንኑ ለእንጀራው የሠራ ግን ቀጥቃጭ ነው፤ ቀን በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ ያወጁት ይህን ረቂቅ ልዩነት ሳያጤኑ ይሆናል። ቡዳነት ከእሳቱም ከመዶሻውም አይመጣም፤ ከክፍያው ነው። ደመወዝተኛ ጅብ ለመሆን ጊዜም የለው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገብቶ ይፈርማል። በዲግሪ ላይ ደግሞ ጅራት አይበቅልም። በ2017 ዓ.ም. አሮጌው ካዛንቺስ ሲፈርስ ይህ ዕውቀት ዕጣ እንኳ ሳይወጣለት ኮንዶሚኒየም ገብቷል።

የአርቲስታችን እናት የቀረጸውን ቀለበት ለእንግዳ ሁሉ ያሳያሉ። የአንጥረኛ ልጅ ላግባ ሲላቸው ዘሯን አስጠንተው «ሬሳዬን ተራምደህ!» ያሉትም እሳቸው ናቸው።

ችግር የመጣው በቅርቡ ነው፤ አንዱን ቀለበት ለባልደረባው በገንዘብ ሸጠ። እናቱ ከዚያ ወዲህ እሱ ሲገባ ቶሎ ብለው መሶቡን ይከድናሉ።