አምፕ ላስገጥም ወይስ ላስገጥም?

በአንድ ጀምበር ሥራ የለቀቀ፣ ቤት የሸጠ፣ ሁለት ስልክ ደውሎ አገር ለቆ የሄደ ሰው አይተናል። መኪናው ላይ ትንሽ አምፕሊፋየር ለማስገጠም የሚያስብ ሰው ግን እንዲህ አይቸኩልም። ያማክራል። የሠፈሩን ኤሌክትሪሻን፣ የአጎቱን ልጅ፣ ራይድ የሚሠራ ጓደኛውን፣ ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚያፈላልግለትን ደላላ፣ አንዱንም ሳያስቀር ይጠይቃል። «ላስገጥም ወይስ ይቅርብኝ?» ይላል። «ይቅርብህ» ያለው መካሪ ቅናት እንዳለበት ይታወቅና ሌላ መካሪ ይፈለጋል። «አስገጥም» የሚል እስኪገኝ ድረስ ፍለጋው አይቆምም። በሳል ውሳኔ ማለት ይህ ነው፤ እኔም የድርሻዬን ልምከር።

ከሁሉ በፊት ቴፑን መናቅ ያስፈልጋል። ቪትዟ ከጃፓን ይዛው የመጣችው ቴፕ ኤፍኤም የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሸገር 102.1ን ለመስማት ባንድ ኤክስፓንደር የምትባል ጣት የምታክል ዕቃ አንቴናው ላይ ትሰካለች፤ 20 ትቀንስና 102.1 የሚሰማው 82.1 ላይ ይሆናል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ዓመት ጣቢያ በመቀነስ ስሌት ሲከፍት ኖሮ አንድ ቀን አላማረረም። ዜናው እየተንሻሻ ሲገባ ጆሮውን ቅር አላለውም። አንድ ማታ አምፕ ባለው የጓደኛው መኪና ውስጥ ከተቀመጠ ወዲህ ግን «ድምፁ ይፈዝብኛል» ይላል። ጆሮ እንዲህ በአንድ ሌሊት የሚነቃው በሰው መኪና ውስጥ ብቻ ነው።

ቴፑን ቀይሮ ባለ ስክሪኑን የቻይና አስገብቶ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ላይ «52 ዋት በ4» ተጽፎለታል። 52 ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የምቀኛ ሥራ ነው። እኔ ምቀኛ ነኝና ልናገር፦ ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው የሚሰጠው ቢበዛ 14.4 ቮልት አካባቢ ነው፤ 14.4 በራሱ ተባዝቶ ለ4 ኦም ስፒከር ሲካፈል 51.8 ይመጣል። ዘፈኑ ላይና ታቹ ተቆርጦ ጩኸት ብቻ ሲቀር የሚገኝ ቁጥር ነው። ንጹሕ ድምፅ ስጠኝ ሲባል ያው ቴፕ ለአንድ ስፒከር ወደ 20 ዋት ቢሰጥ ነው። ብዙዎቹ ከጀርባቸው የተሰካባቸው ፊውዝ 10 አምፔር ነው፤ በ14.4 ሲባዛ 144 ዋት ይገባል ማለት ነው። አራት ጊዜ 52 ደግሞ 208። ከገባለት የሚበልጥ የሚያወጣ ማሽን፣ ያውም ዳሽቦርድ ላይ! የህዳሴ ግድብ እንኳ ይህን አልሞከረም።

አሁን አምፑ ይመጣል። ትንሽ ነው፣ ከወንበር ሥር ይገባል። «ትንሽ ነው» የሚለው ለሚስት የሚነገር ሲሆን፣ ካርቶኑ ላይ ያለው «2000 ዋት» ለጓደኛ የሚነገር ነው። ሚስትና ጓደኛ ተገናኝተው እስካላወሩ ድረስ ቤቱ ሰላም ነው። አምፑን ገልብጦ ጎኑን ማየት ግን ነውር ነው፤ እዚያ ጋ አንዲት ቢጫ ፊውዝ ተሰክታለች፣ ላይዋ ላይ 20 ይላል። 20 አምፔር በ13.8 ቮልት 276 ዋት ነው። በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ ለስፒከሮቹ የሚደርሰው 160 አካባቢ ቢሆን ነው። ቀሪው 1840 ዋት ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይጣላል።

ልዩነቱ ይሰማል ወይ? እንዴታ! ጉልበቱ ከ20 ወደ 40 ዋት ሲያድግ ጭማሪው 3 ዴሲቤል ነው፤ ልብ ብሎ ያዳመጠ ይለየዋል። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር አለበት፤ ለዚያ ጉልበቱ 10 እጥፍ ይሆናል፣ ማለትም ለአንድ ስፒከር 200 ዋት። በሩ ውስጥ ያለው የፋብሪካ ስፒከር ወረቀት ነው፤ 200 ዋት ቢላክለት በዚያው ዕለት ይሰናበታል። ያም ሆኖ አምፑ በተገጠመ ማግስት ባለቤቱ «እጥፍ ሆነ! ሌላ መኪና ሆነ!» ሲል ይምላል። አይዋሽም። ብር ከኪስ ሲወጣ የሚጨምረውን ዴሲቤል የሚለካ መሣሪያ ስላልተሠራ ነው።

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ትንሽ አምፕ ከንቱ ዕቃ አይደለም። የባትሪውን 12 ቮልት ውስጡ ከፍ አድርጎ ስለሚጠቀም፣ ቴፑ አፉን የሚይዘው ቦታ ላይ እሱ ገና ትንፋሽ አለው፤ ከበሮው ሲመታ ዘፋኟ አትታፈንም። በተለይ መንገዱና ሞተሩ በሚጮኹበት አሮጌ መኪና ውስጥ ይህ ይሰማል። ነገር ግን ድምፅ የሚወድ ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው የበሩን ስፒከር ነው። በ3 ዴሲቤል የተሻለ የሚሰማ ስፒከር መግዛት ዋቱን እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው፤ ያለ አንዲት ተጨማሪ ሽቦ። የበሩን ቀዳዳዎች መድፈንና የሚንቀጫቀጨውን የበር ሽፋን ማጥበቅ ደግሞ ለቤዝ የሚያደርገውን ያየ ያውቀዋል። ታዲያ ይህን ማን ያይለታል? በር ውስጥ የተደበቀ ስፒከር ሰማያዊ መብራት የለውም።

ወደ ምክሬ ልመለስ። ገጣጣሚው ልጅ ከባትሪው እስከ ወንበሩ ሥር የሚዘረጋ ቀይ ሽቦ ያመጣል። አውራ ጣት ያህል ይወፍራል፣ ያንፀባርቃል። ጫፉን ሲልጡት ፕላስቲኩ ሁለት ሦስተኛውን ይዞ ውስጡ የቀረው ቀጭን ነው፤ ያንን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ አሉሚኒየም ብቅ ይላል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው። አይፋቅ! የተፋቀ ነገር ያጣላል። ባትሪው አጠገብ መሰካት ያለበትን ፊውዝም ልጁ ይተወዋል፤ «አምፑ ላይ አለ እኮ» ይላል። አምፑ ላይ ያለው አምፑን ነው የሚጠብቀው፤ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ቦዲውን ቢነካ መኪናዋን የሚጠብቃት የለም። ከፈጣሪ በቀር።

አምፑ ላይ ጌይን የምትባል ትንሽ ቁልፍ አለች። የተሠራችው አምፑንና ቴፑን ለማስማማት ነው። ልጁ ግን ካቻቢቴውን ያነሳና እስከ መጨረሻው ያዞራታል፤ «ሙሉ ለሙሉ ሠራሁልህ» ይላል። ሙሉ ክፍያ የከፈለ ሰው ግማሽ ጌይን አይቀበልም። ከዚያ በኋላ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ከስፒከሩ ውስጥ አንድ ቀጭን ፉጨት አብሮ ይወጣል፤ ዲናሞው ነው፣ የአምፑ ነጌቲቭ ሽቦ ቦዲውን በደንብ ስላልያዘ። የፊት መብራቱም ከቤዙ ጋር ይደንሳል። የሚጫወተው ዘፈን ደግሞ ከቴሌግራም የወረደ፣ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ግማሽ ነፍሱ የወጣ ነው። 2000 ዋት እሱን ያጎላዋል፤ የጎደለውን አይመልስለትም እንጂ።

ራይድ የሚሠራ ከሆነ ተሳፋሪውም ዕድለኛ ነው። ከኋላ ወንበር ስልክ የሚያወራ ሰው «ትንሽ ቀንስልኝ» ሲል ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አድርጎት አንዲት መስመር ይቀንሳል፤ መገናኛ ሳይደርሱ ተመልሳ ትወጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት፣ 90 ዴሲቤል ግን 4 ሰዓት ብቻ ይላል። ሹፌራችን ያንን ኮታ ሰኞ ከምሳ በፊት ጨርሶ ማክሰኞን በብድር ይጀምራል። ወዲያው ጆሮው ይለምድና አምፑ እንደገና «ይፈዝበታል»።

የአምፕ ሙሉ ክብሩ የሚገለጠው የነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። ሞተር ጠፍቶ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ከፊትም ከኋላም መሸሻ የሌለው ታዳሚ ተደርድሮ። ሦስት መኪና ወደፊት ፈቀቅ ሲባል ግን ቁልፉ ቢዞር «ጭ…ጭ…ጭ» ብቻ ነው፤ ባትሪው ሞቷል። መካሪዎቹ ወዲያው ይሰበሰባሉ። አንዱ ካፓሲተር ጨምርበት ይላል፣ ሌላው ባትሪ በትልቅ ቀይር፣ ሦስተኛው ዲናሞ አስጠቅልል። አምፑን አውጣው ያለ አንድ ሰው ነበር፤ ቅናት እንዳለበት ታወቀ።

እስከዚያው መኪናዋ መገፋት አለባት። ገፊ ደግሞ አይጠፋም። ከኋላዋ ቆሞ ሁለት ሰዓት ቤዝ የጠጣው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ከልብ የመነጨ ትብብር በዚህች ከተማ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ባለቤቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «በቃ፣ ይበቃል!» እያለ እየጮኸ እንኳ እስከ ታችኛው አደባባይ ድረስ ይገፉታል።