መቀስ የያዘው ሰውዬ

ከድሮ ቀረጻ ብቻ ተቀጣጥሎ የሚሠራ የዝነኛ ሰው ዘጋቢ ፊልም ትልቁ ኩራቱ ተራኪ የሌለው መሆኑ ነው። ያ ጉሮሮውን በማር የጠረገ የሚመስል ባለ ወፍራም ድምፅ ሰውዬ የለም፤ ወንበር ላይ ተደላድሎ «እኔማ ያኔም ብዬ ነበር» የሚል ሊቅም የለም። ባለ ዝናው ራሱ ያወራል፣ ራሱ ይስቃል፣ ራሱ ይኮሳተራል። ተመልካቹም «በዓይኔ አየሁት» ብሎ ይነሣል። በእኔ ግምት ግን ተራኪው የትም አልሄደም፤ አፉን ዘግቶ፣ መቀሱን ይዞ ከጀርባ ተቀምጧል። ይሄኛው ይብሳል። የሚናገር ሰው ሲዋሽ ቢያንስ ድምፁ ይሰማል።

የሙዚቃ ቡድኑን ቢትልሶችን እንይ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1969 ዳይሬክተሩ ማይክል ሊንዚ ሆግ 60 ሰዓት ገደማ ምስልና 150 ሰዓት ገደማ ድምፅ ቀረጸባቸው። ከዚያ ክምር «ሌት ኢት ቢ» የተባለው ፊልም በ1970 ሲወጣ ቡድኑ የተበተነበት ሰሞን ስለነበር፣ ሕዝቡ የፍቺ ጉዳይ እንደሚከታተል ሆኖ አየው። በ2021 ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን እዚያው ክምር ውስጥ ገብቶ ስምንት ሰዓት የሚጠጋውን «ጌት ባክ»ን ይዞ ብቅ አለ፤ እነዚያው ሰዎች ሲቀላለዱና ሲሳሳቁ ይውላሉ። የትኛውም ፊልም የፈጠረው ነገር የለም። ቀረጻውም ቢሆን ከተንኮል የጸዳ አልነበረም፦ የቡድኑ አባል ጆርጅ ሃሪሰን ጥሎ የወጣ ጊዜ ባልደረቦቹ ሌኖንና ማካርትኒ ለብቻቸው የመከሩትን ሊንዚ ሆግ በአበባ ማሰሮ ውስጥ በደበቀው ማይክሮፎን ቀዳው። ሰዎቹም ብልጦች ነበሩ፤ ምስጢር ሲያወሩ ድምፃቸውን ለመሸፈን ጊታር ይነካኩ ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ የጃክሰን ባለሙያዎች በኮምፒውተር ጊታሩን ከወሬው ለዩባቸው። ሐሜትም እኮ ይርጋ ሊኖረው ይገባ ነበር!

«ምስሉ እውነት ከሆነ ታዲያ ምን አነሰህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነተኛ ምስል ምን እንደሚያደርግ እኛ አገር ታይቷል። በ1967 ዓ.ም የዘመን መለወጫ ማታ ደርግ፣ ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡ እውነት፣ ድግሱም እውነት። ክሱን ያነበበው ስፌቱ ነው። ክሱ ተገቢ መሆን አለመሆኑ ሌላ ክርክር ነው፤ የኔ ነገር ክሱ በስፌቱ መነበቡ ላይ ነው።

«እንግዲያው አትያቸዋ!» ቢሉኝም እምቢ እላለሁ። ማካርትኒ ቤዙን እየመታ «ጌት ባክ» የተባለውን ዘፈን ከባዶ ሲያወጣው፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሃሪሰን ያዛጋል። ባለ ወፍራም ድምፁ ሰውዬ ቢኖር ኖሮ «በዚያች ታሪካዊ ቅጽበት» ብሎ ማዛጋቱን ይበላብን ነበር፤ ይሄን ያህል ለዝምተኛው መቀስ ምስጋና ይገባዋል። ባልታየው 52 ሰዓት ገደማ ውስጥ ማን ስንት ጊዜ እንዳዛጋ ግን ጃክሰንን መጠየቅ ነው።