ደላላው «አምስት ደቂቃ ነው» ሲልዎት

መሐል አዲስ አበባ አጠገብ፣ ሌባ የማይደፍረው፣ ደመወዝ የማይጨርስ ኪራይ ቤት ሊፈልጉ ከተነሱ አስቀድመው ጥሩ ጫማ ይግዙ። ብሩ ኋላ ይደርሳል። እኔ በ8 ዓመት ውስጥ 11 ቤት ተከራይቼ 10ሩን ለቅቄአለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከእኔ የተሻለ መካሪ አያገኙም። ባለቤቶችማ ስለ ቤት ፍለጋ ምን ያውቃሉ?

በመጀመሪያ መሐል ከተማ የሚሉት የት እንደሆነ ይወስኑ። ለአባቴ መሐል ከተማ ማለት ፒያሳ ነበር፤ ሌላው ሁሉ «ወደዚያ» ነው። እኔ ስታዲየምን፣ ሜክሲኮን፣ ለገሃርንና ካዛንቺስን እጨምርበታለሁ። ግን መሐሉ አንድ ቦታ ረግቶ እንደማይቀመጥ ይወቁ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳ ላይ እነ ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ። አንድ ወዳጄ ያኔ ከፒያሳ ተነስቶ፣ «ቢያንስ ከመሐል አልወጣም» ብሎ ካዛንቺስ ተከራየ። በ2017 የካዛንቺስ ተራ ደረሰ። አሁን የሚኖረው የካ አባዶ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ለማየት ስሄድ እሱን ይዤ አልሄድም። እርስዎም ከወለሉና ከጣሪያው በፊት አጥሩን ይመልከቱ፤ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር ካለ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም።

ቀጥሎ ደላላ ያስፈልግዎታል። ያለ ደላላ ቤት አገኘሁ የሚል ሰው ከገጠመዎት ወይ አክስቱ ቤት ነው የሚኖረው፣ ወይ ራሱ ደላላ ነው። ደላላው መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ካርቶን አስደግፎ ያገኙታል። አንደኛው ስልክ ጆሮው ላይ ነው፣ ሌላኛው እጁ ላይ ይጮሃል። በጀትዎን ይጠይቅዎታል። ምንም ቢሉት የሚያሳይዎት ከተናገሩት በ5 ሺህ ብር የሚበልጠውን ስለሆነ፣ 5 ሺህ ቀንሰው ይናገሩ። እሱም ይህን ያውቃል።

የደላላ አማርኛ ከትምህርት ቤቱ ትንሽ ይለያል። «ስቱዲዮ» ካለዎት እስከ አምና ድረስ መኪና ያድርበት የነበረ ክፍል ነው፤ ዘይቱ ወለሉ ላይ የአፍሪካን ካርታ ሠርቶ ይጠብቅዎታል። «ሰርቪስ» ካለ ከዋናው ቤት ጀርባ ነው፤ መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ሰው ኩሽና ስለሆነ ለራት ምን እንደተሠራ ከአባወራው ቀድመው ያውቃሉ። «ሻወር አለው» ማለት መጸዳጃው ላይ እንደተቀመጡ መታጠብ ይችላሉ ማለት ነው፤ ጠዋት ለሚቸኩል ሰው ጊዜ ይቆጥባል። «ፀጥ ያለ ሰፈር» ታክሲ የማይገባበት ነው። «ቦሌ ነው» ሲልዎት ደግሞ ደስታዎን ዋጥ አድርገው «ቦሌ ምን?» ብለው ያስጨርሱት። ቦሌ አራብሳም ቦሌ ነው፣ ቦሌ ቡልቡላም ቦሌ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የደላላን ደቂቃ ይጠንቀቁ። «ከአራት ኪሎ አምስት ደቂቃ ነው» ያለኝን ደላላ አልረሳውም። አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ተገናኘን። ከዚያ ሚኒባስ ያዝን። ሂሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ደላላ ሂሳብ ሲከፈል ሁልጊዜ ስልክ ይደወልለታል። ስንወርድ «ደረስን?» አልኩት። «አምስት ደቂቃው አሁን ነው የሚጀምረው» አለኝ። ፈረንሳይ ለጋሲዮንን ሽቅብ ወጣን። አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን ሆነ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ አፈር ሆነ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሽተት ጀመረ። ልቤ በጆሮዬ ልትወጣ ስትል ቆመና ትከሻዬን ይዞ አዞረኝ። ከተማው በሙሉ እግራችን ሥር ተዘርግቷል። «አየኸው? መሐል ከተማው ይኸውልህ» አለኝ በጣቱ እያሳየ። እውነቱን ነው፤ ይታያል።

እንበልና ቤቱ ተገኘ። አሁን ፈተና አለብዎት። ብዙ ሰው ቤት የሚያየው እሱ ይመስለዋል፤ የሚታየው ራሱ መሆኑን የሚያውቀው በረንዳው ላይ ሲያስቀምጡት ነው። ተክለሃይማኖት አካባቢ አንዲት እናት ጋ የተቀመጥኩት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። ቡና እየተቆላ ነው። ቁልፉ ከመቀነታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ልጄ፣ ባለትዳር ነህ?»

«አይ እማማ፣ ገና ነኝ።»

«ላጤ ሰው ያበዛል» አሉ ለደላላው፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ። ደላላው ፈጠን ብሎ «እጮኛ አለችው» አለ። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው። እማማ ግን አልተጽናኑም። ባለትዳር ይወልዳል፤ ልጅ ግድግዳ ይጽፋል። ያልወለደ ባለትዳር ደግሞ ለምን እንዳልወለደ መጠየቁ አይቀርም። ሽማግሌ ቢሆን ይታመማል፣ ተማሪ ቢሆን ያመሻል። ሥራዬን ጠየቁኝ። ቤት ውስጥ ሆኜ እንደምጽፍ ስነግራቸው ተከፉ፤ «እንግዲያው ቀኑን ሙሉ መብራት ልታበራ ነው?» ቆጣሪው የጋራ መሆኑን የተረዳሁት በዚህ ነው። ከዚያ ወደ እንጀራ ሄድን። እጋግራለሁ ካልኩ ምጣዱ ቆጣሪውን ያስሮጠዋል፤ አልጋግርም ካልኩ ምን ዓይነት ቤት የሌለው ሰው ነኝ? ልብስ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደማጥብም ጠየቁኝ፤ ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ብዙ ጊዜ ካሉ ውሃ ይጨርሳሉ፣ ጥቂት ጊዜ ካሉ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ይታወቃል።

ምክሬ ይህ ነው፦ ለአከራይ ሲቀርቡ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ፣ እንግዳ የሌለዎት፣ የማያበስሉ፣ የማይታጠቡ፣ ግን ንጹሕ የሆኑ ሰው ይሁኑ። ቤቱን የማይኖሩበት ተከራይ ከሆኑ ማንም አከራይ አይጠላዎትም።

ቅድሚያ ክፍያ ላይ ሲደርሱ «የስድስት ወር» ይባላሉ። እዚህ ላይ አይደንግጡ፤ አዋጅ አለዎት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በግልጽ እንደሚለው ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው። በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይከፈላል፤ ጭማሪ ቢኖር በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው ልክ። ጥሩ አዋጅ ነው፤ ቀልዴን አይደለም። ውል ያስመዘገበ ተከራይ ሌሊት በእርጋታ ይተኛል፤ አከራዩም የኪራይ ገቢ ግብሩን ይከፍላል። ብዙዎቹ ምዝገባ ሲባል ፊታቸው የሚጠቁረው በዚህኛው ምክንያት ነው። ስለዚህ አንዳንዱ መላ ያመጣል፦ የሁለቱን ወር በባንክ፣ የአራቱን በእጅ፤ በውሉ ላይ ግማሹ ዋጋ፣ በቃል ሙሉው። ይህን መላ ሲያቀርብልዎት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ደላላው ግን በዚያው ሰዓት ሰማይ ሰማዩን ያያል።

እኔ የዋህ ነኝና ተክለሃይማኖት እማማ ጋ የሄድኩት አዋጁን በክላሰር ይዤ ነበር፤ ሁለት ወር የሚለው ላይ በቢጫ ቀለም አስምሬበታለሁ። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች፣ ማህተሙን ሳይቀር አነበቡ።

«ይሄ የማን ነው ልጄ?»

«የመንግሥት ነው እማማ።»

«እንግዲያው መንግሥት ያከራይህ» አሉና ክላሰሩን መለሱልኝ። ቡናው ሳይቀዳልኝ ወጣሁ።

እውነታቸውን ነው፤ መንግሥት ሲያከራይ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ ብሩ ሲወድቅ ኪራዩ ባለበት ቆመ። መሐል ከተማ ውስጥ፣ በወር ከአንድ ማኪያቶ ባነሰ ብር፣ ሰው ልጅ አሳድጎ ዳረ። ጭቃ ቤት ነው፣ መጸዳጃው ለስንት አባወራ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ ግን ሥራ ቦታው በእግር ይደረስበታል፣ ጎረቤቱም ለቅሶውንም ሠርጉንም ያውቃል። ርካሽና ቅርብ የሚሉት ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ የኖሩት እዚያ ነው። ስለዚህ ምክሬ፦ በ1967 የተከራዩ አያት ይኑርዎት። ከሌሉዎት እንዲህ ያሉ አያት ያሉት ማን እንደሆነ አጣርተው ያግቡ። አሁን ግን እነዚህ ሰፈሮች ናቸው በየተራ እየፈረሱ ያሉት፤ ጋብቻውን ያፋጥኑ።

ኮንዶሚኒየምም አለ። በ1997 ወይም በ2005 ተመዝግበው እጣ ከወጣላቸው ሰዎች መካከል ከሆኑ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ለመዝናናት ነው። ከእነሱ የሚከራዩ ከሆነ ደግሞ ልደታ ቅርብ ነው፣ ውድ ነው። ኮዬ ፈጬ ርካሽ ነው፣ ኮዬ ፈጬ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ጭራ ላይ ቆመው፣ በኪራይ ያተረፉትን ብር በሰዓት አካፍለው ማስላት ጥሩ የጊዜ ማሳለፊያ ነው። እኔ አንድ ጊዜ አስልቼ ተራዬ ሳይደርስ ጨርሻለሁ።

የሰፈሩን ደህንነት እንዴት ልወቅ ይሉ ይሆናል። ደላላውን አይጠይቁ፤ «እዚህ ሰፈር በር ሳይዘጋ ነው የሚታደረው» ይልዎታል፣ ከኋላው አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎ፣ በላዩ ሽቦ ተጠምጥሞ። አከራዩንም አይጠይቁ። ሰፈሩን ቀን ሳይሆን ማታ 2 ሰዓት ላይ ይመልከቱት። የመንገድ መብራቱ ይበራል? ሴቶች ብቻቸውን ይሄዳሉ? ውሾቹ የማን ናቸው? ከዚያ ከግቢው ትይዩ ካለው ሱቅ ገብተው ማስቲካ ይግዙና፣ መልስ እስኪመለስልዎት መደርደሪያውን እንደ ጋዜጣ ያንብቡ።

ይህችን ዘዴ ያገኘኋት ራሴ ነኝ። ባለሱቅ የሚያስቀምጠው የሚሸጥለትን ነው፤ ለማንም አይዋሽም። ሻማ ከፊት ለፊት በካርቶን ከተደረደረ መብራት ይጠፋል። ቢጫ ጀሪካን ከበሩ ላይ በገመድ ከተንጠለጠለ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም የእርስዎ አይደለም። ጓጉንቸር በሦስት መጠን ካለ፣ ትልቁ አቧራ ካልጠጣ፣ ከደላላው ጋር ተጨባብጠው ይለያዩ። በዚህ ዘዴ አምስት ቤት ትቻለሁ፤ አንዱም አልቆጨኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ልደታ ጀርባ አንድ ክፍል አየሁ። መስኮት አለው፣ ለብቻው መግቢያ አለው፣ ዋጋውም ከበጀቴ የሚያልፈው በ3 ሺህ ብር ብቻ ነው። አከራዩ ምንም አልጠየቁኝም። ማታ 2 ሰዓት ተመልሼ ትይዩ ያለው ሱቅ ገባሁ። ማስቲካ ገዛሁ። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ሻማ የለም፣ ጀሪካን የለም፣ ጓጉንቸር የለም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«እዚህ ሰፈር ሻማ አይሸጥም እንዴ?» አልኩት ባለሱቁን።

«አልቆ ነው» አለኝ።

«ጀሪካንስ?»

«እሱም ትናንት አለቀ። ማክሰኞ ይመጣል።»

ስለ ጓጉንቸሩ አልጠየቅኩትም። ቀብድ ከፍዬ ነበር።