«መንገዳችሁ ከሆነ»፦ ለሁለት የታሰበ ሽርሽር የሕዝብ ቆጠራ

«ለሁለት» የሚለው ቃል በሆቴል ማስታወቂያ ላይ ሲነበብ ግልጽ ይመስላል። አንድ ሌሊት ለሁለት፣ እራት ለሁለት፣ ቁርስ ለሁለት። ይህ ጥናት የተነሣው፣ ከአዲስ አበባ ሁለት ሆነው ወጥተው ሁለት እንደሆኑ የደረሱ ባልና ሚስት አሉ ወይ ከሚል ጥያቄ ነው። ናሙናው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ተመራማሪው ራሱ፣ ሌላዋ ባለቤቱ ናት። እርሷ ፈቃዷ አልተጠየቀም፤ ከእሁድ ጠዋት ጀምሮም መረጃ መስጠት አቁማለች። ቦታው ላንጋኖ፣ ወሩ ጥር፣ መሣሪያው አንድ ቪትዝ።

ዕቅዱ ማክሰኞ ማታ በምስጢር ተያዘ። ረቡዕ ለአማቴ ተነገረ፤ ለእናት ሳይናገሩ ከከተማ መውጣት አይሆንም። አማቴ መረቁን። ምርቃቱ አልቆ አሜን ስንል፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ፣ በዘርፉ በደንብ የሚታወቀውን ሐረግ ተናገሩ፦ «መንገዳችሁ ከሆነ…»

በሰዋስው ዓይን ሲታይ ሐረጉ በ«ከሆነ» የታሰረ ነው፤ መንገዳችን ካልሆነ ነፃ ነን ማለት ነው። በተግባር ግን እንዲህ ያለ ነፃነት እስካሁን አልታየም። አምና «መንገዳችሁ ከሆነ» ተብለን ደብረ ብርሃን ዕቃ ስናደርስ፣ የምንሄደው ወደ ሐዋሳ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተደረገው ቆጠራ የሚከተለውን አሳየ። ዓለም ጤና ከተማ ላሉ አክስት የሚደርስ 10 ኪሎ በርበሬ። በርበሬው እንዳይደፋ የሚይዝ የ9 ዓመት የእህት ልጅ። መቂ ለቅሶ ያለባቸው፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሱ የአማቴ የዕድር ጓደኛ። ከፊት ደግሞ የሰሌን ባርኔጣና ቁምጣ ያደረገ ተመራማሪ፣ ከጎኑ ትከሻው ክፍት የሆነ ባለአበባ ቀሚስ የለበሰች ባለቤቱ። በቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ትኬት የሰጠችን ልጅ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ሁለት ጊዜ አይታ «መልካም መንገድ» ያለችው ዝግ ባለ ድምፅ ነው።

ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳርና ዳሩ የታጠረ ስለሆነ ዘመድ የለውም። ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወርደውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሞጆ ላይ ወጥተን፣ በቆቃ አድርገን ዘመድ ባለው በአሮጌው መንገድ ዓለም ጤና ገባን። የአክስት በር ተቆልፏል። ጎረቤት እንደነገረን እርሳቸውም መቂ ለቅሶ ሄደዋል። የዕድር ጓደኛዋ ከኋላ ወንበር «ይኸው እንግዲህ፣ ያው አንድ ቤት ነው» አሉ፤ በጉዞው ሁሉ ደስ ያላቸው ያኔ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥናቱ ዝግ ብሎ መሄድ አለበት። ሰውን ለቅሶ ቤት ደጃፍ አድርሶ መኪና አዙሮ መመለስ የሚቻል ነገር ነው፤ መሪው ይዞራል፣ ነዳጅም አለ። ግን ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀና ብለው አይተውናል። የዕድር ጓደኛዋ ከቦርሳቸው ትርፍ ነጠላ አውጥተው ያለአንዳች ቃል ለባለቤቴ ሰጧት። ነጠላውን ዘቅዝቃ እስከ አገጯ ስትሸፈን፣ ከሥር የቀረው የቀሚሱ አበባ ብቻ ነበር። ለእኔ መሸፈኛ አልተገኘም። ባርኔጣዬን ደረቴ ላይ ይዤ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» እያልኩ፣ በቁምጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ንፍሮ በሳህን ቀረበልኝ፤ ሳህኑን የማስቀምጥበት ባዶ ጉልበቴ ብቻ ስለነበር እዚያው አስቀመጥኩት። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ጉልበቴን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በእውነተኛ ርኅራኄ፣ «ልጄ፣ መንገድ ላይ ዘረፉህ?» አሉኝ።

አዎ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው አቀባበል እጅግ መልካም ነበር።

ለቅሶው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወሰደ። በርበሬ በለቅሶ ቤት አይሰጥም፤ አክስት «በመልሳችሁ ታደርሱታላችሁ» አሉ። ልጁም ከበርበሬው ጋር ቀረ። ላንጋኖ ከቀኑ 11 ሰዓት ስንደርስ ቁጥራችን 3 ነበር፣ በርበሬው ሳይቆጠር። አልጋው ላይ በፎጣ የተሠሩ ሁለት ዳክዬዎች ምንቃር ለምንቃር ገጥመው ተቀምጠዋል። ልጁ አንዷን ፈትቶ ፊቱን ታጠበባት። ሌሊት የተኛው መሐል ነው።

እራትን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ጥር ነው፤ ጾም ሳይገባ የሚዳር ሁሉ ይዳራል፤ ከሻማችን 20 ሜትር ርቀት ላይ ሠርግ ነበር። አንድ አጎት «ከየትኛው ወገን ናችሁ?» ብለው ሲጠይቁን መልስ ስላጣን በሁለቱም ወገን ጨፈርን። የሕዝቡ ብዛት በዚህ ጊዜ በግምት 300 ደረሰ፤ የጥናቱ ከፍተኛው ቁጥር ነው።

እሁድ ጠዋት ባለቤቴ ሐይቁን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችው። «ቆሻሻ ነው» አለች። ተመራማሪው አረማት። ውሃው ቡናማ የሆነው በውስጡ ተንሳፎ በማይዘቅጥ ደቃቅ ደለል መሆኑን፣ ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ስለሚባል ሰው እንደሚዋኝበት፣ ስፋቱ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም በቀለም እንደሚለያዩ አስረዳ። ትንተናው 15 ደቂቃ ያህል ወሰደ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ባቱ ድረስ የተመዘገበው 3 ቃል ብቻ ነው፦ «ቀስ በል» እና «ምንም»።

ባቱ ሐይቁ ዳር መኪናዋን ጥላ ሥር አቆምን። ልጁ ከኋላ ተኝቷል። ከዘይት የወጣ ሁለት ሙሉ ቆሮሶ፣ ጎን ለጎኑ የተተለተለ፣ በትሪ መጣ። ዳጣው አልቋል ተባልን። ባለቤቴ ተነሥታ ሄደች፤ የሸሸች መስሎኝ ነበር። የመኪናዋ የኋላ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ። በሶፍት ጠቅልላ የእፍኝ ያህል በርበሬ ይዛ ተመለሰችና ትሪው ጠርዝ ላይ አፈሰሰችው። የዓሣውን ነጭ ሥጋ ከእሾሁ በጣቷ ለቅማ፣ በርበሬው ላይ ጫን አድርጋ፣ መጀመሪያ ለእኔ አጎረሰችኝ። አማቴ የሚያስፈጩት በርበሬ ኮረሪማው ይበዛል። ሁለታችንም ዓይናችን እንባ አቅርሮ፣ አፍንጫችን እየፈሰሰ፣ አባ ኮዳዎቹ ሁለት እርምጃ ላይ ቆመው አጥንቱን እየጠበቁ በላን። ስለ ወፎቹ የማውቀው ነገር ነበር፤ አልተናገርኩም። በዚህ ቦታ የሕዝቡ ብዛት ለ25 ደቂቃ ያህል 2 ሆኗል። ስሌቱ ተደጋግሞ ተረጋግጧል።

መኪና ውስጥ ስንገባ «በፈጣኑ ግባ» አለች። በፈጣኑ ከተገባ ዓለም ጤና የለም፣ አክስትም የሉም። ገባሁ።

ማታ አማቴ ከረጢቱን ሲያዩ አልተቆጡም፤ የለቅሶው ወሬ ቀድሞን ደርሷል፣ መዘረፌም ጭምር። ሚዛን ሳይፈልጉ በሁለት እጃቸው ብድግ አድርገው «ጎድሏል» አሉ።

«ቆላ ስለወረደ ተኖ ነው፣ እማዬ» አለች ባለቤቴ።

ባቱም ሆነ ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ስለሚበልጡ፣ ሁለቱም ወይና ደጋ እንጂ ቆላ አይደሉም። በርበሬም አይተንም። ተመራማሪው አላረመም።